ቢላ ከመነሳቱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት

ጥያቄ፦ «አባቴ 61 ዓመቱ ነው። እጆቹ ይደነዝዛሉ፣ ሲራመድም ይንገዳገዳል። ኤምአርአይ ተነስቶ አንገቱ ውስጥ ህብለ ሰረሰሩ ተጨንቋል ተባለ። ከኋላ በኩል ኦፕራሲዮን እንዲደረግ ቀጠሮ ተይዞለታል። ሐኪሙ በሆዱ እንደሚተኛና ጭንቅላቱ በሹል ብረት እንደሚያዝ ነገረን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንገቱ ታሞ ሳለ ማገላበጡ አይጎዳውም? አንድ ዘመዳችን ደግሞ በሆዱ ተኝቶ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ዓይኑ ጠፋ አለን። እውነት ነው? ብረቱስ የራስ ቅሉን አይበሳውም? ጠባሳውስ ይቀራል?»

እህቴ፣ መጨነቅሽ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ስለ አተኛኘቱ መጠየቅሽ ነው። ሰው ስለ ቢላው፣ ስለ ደሙ፣ «ከማደንዘዣው ይነቃል ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። «እንዴት ነው የምታስተኙት?» የሚለኝ የለም ማለት ይቻላል። እኔ የሰመመን ሐኪም ነኝ። የአንገት ቀዶ ሕክምና ባለበት ቀን በጣም የሚያሳስበኝ ቢላው ቆዳ ከመንካቱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን ሲጀምር ትከሻዬ ትንሽ ወረድ ይላል።

ለምን መሰለሽ? ነቅቶ የተኛ ሰው ራሱን ይጠብቃል። እጁ ሲደነዝዝ ይገላበጣል። ትራሱ ዓይኑን ሲጫነው ፊቱን ያዞራል። አንገቱን ሲያመው ጡንቻዎቹ ጭምድድ ብለው ይይዙታል። ማደንዘዣ ይህን ሁሉ ይወስድበታል። ክርኑ ለሦስት ሰዓት ጠንካራ ነገር ላይ ቢያርፍ «አመመኝ» የሚል የለም። ስለዚህ አባትሽ ተኝተው ሊነግሩን የማይችሉትን ነቅተው ሳሉ እንዲነግሩን እንፈልጋለን። የእናንተም ድርሻ እዚህ ላይ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሰመመን ሐኪሙ ያነጋግራቸዋል። አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደፊት እንዲያጎነብሱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ቀና እንዲሉ ይጠይቃቸዋል። የሚያንቀሳቅሱት ራሳቸው ናቸው፤ እኛ አንነካቸውም። እስከየት ድረስ ምንም ሳይሰማቸው ይሄዳል? የት ላይ ሲደርስ እጃቸውን ይነዝራቸዋል? አንዳንድ ሰው ሲያጎነብስ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ከጀርባው እስከ እግሩ ንዝር ይለዋል። ቀና ሲል እጁ የሚዝልበትም አለ። እንዲያውም የአከርካሪው ቦይ የጠበበበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚብሰው ቀና ሲል ነው፤ አንገት ወደ ኋላ ሲታጠፍ ቦዩ ይበልጥ ይጠባልና። አባትሽ ያሳዩን ወሰን ለእኛ ሕግ ነው። ተኝተው ሳሉ አንገታቸው ከዚያ አያልፍም። እኔ ወሰኑን ወረቀት ላይ ጽፌ ለቀዶ ሐኪሙም እነግረዋለሁ።

እዚያው ላይ ሳይጠየቁም ቢሆን የሚናገሩት ነገር አለ። ግሉኮማ (ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት የሚጨምርበት ሕመም) ካለባቸው ይናገሩ። ስኳር ካለባቸውም ይናገሩ፤ የስኳር ሕመምተኛ ነርቭ በትንሽ ጫና ይጎዳል። የሚነቃነቅ ጥርስ፣ እጅ ወደ ላይ የማያነሳ የደረቀ ትከሻ፣ ከዚህ በፊት የራስ ቅል ስብራት ወይም ቀዶ ሕክምና ካለ አይደብቁ። ቤታችሁ የደም ግፊት መለኪያ ካለ ደግሞ የአንድ ሳምንት ልኬት ጽፋችሁ ውሰዱ። ለምን እንደምፈልገው በኋላ ይገባሻል።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል እንግባ። አባትሽ ማደንዘዣውን የሚወስዱት በጀርባቸው ተኝተው ነው። የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮ ሲገባ በተለመደው አሠራር ጭንቅላት ወደ ኋላ ቀና ይደረጋል። ለእሳቸው ግን ይህን ማድረግ አንፈልግም። ስለዚህ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው መሣሪያ እንጠቀማለን፤ አንድ ሰው ደግሞ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አንገታቸው ፈጽሞ የማይረጋ ከሆነ ጉሮሯቸውን ብቻ አደንዝዘን፣ ነቅተው ሳሉ፣ በቀጭን ተጣጣፊ ካሜራ ቱቦውን እናስገባለን። ሲሰሙት ያስፈራል። ጥሩነቱ ግን ቱቦው ከገባ በኋላ «እጅዎን ይጨብጡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ» ብለን ማየት መቻላችን ነው።

ቀጥሎ ማገላበጡ ይመጣል። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳሽ። ቢያንስ አምስት ስድስት ሰው ይሰለፋል። ራስጌ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ፣ ጭንቅላታቸውን ይይዛል። ሌሎቹ ትከሻ፣ ዳሌና እግር ይይዛሉ። ትዕዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ሁሉም እኩል ያዞራል። ጭንቅላት፣ ደረትና ዳሌ አንድ መስመር ጠብቀው፣ ልክ እንደ ግንድ። አንገቱ ለብቻው የሚጠመዘዝበት ጊዜ የለም። የአንገት ኮላር ካላቸው እንደታሰረ ነው የሚገለበጡት። ቱቦው ለጥቂት ሰከንድ ከማሽኑ ይለያል፤ ካልተለየ ተጎትቶ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በፊት ሳንባቸውን በኦክስጅን ስለምንሞላው ያቺ አፍታ አትጎዳቸውም። አንዳንድ ሆስፒታል ሰውየውን በሁለት ፍሬም መሀል እንደ ሳንዱች ይዞ ራሱ የሚሽከረከር ጠረጴዛ አለው። እሱ ከተገኘ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይቀላል።

በዚያች ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ ወሬ አልወድም። ሙዚቃ ካለ አስጠፋለሁ። ስልኩን የሚያይ ሰው ካየሁ እቆጣለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ደግሞ የመጡበት አልጋ ከበሩ ርቆ እንዲሄድ አልፈቅድም። ልባቸው ድንገት ቢያስቸግር ቁስሉን ሸፍነን በፍጥነት በጀርባቸው መመለስ አለብን። አልጋውን ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር መሮጥ አልፈልግም።

ብረቱን በተመለከተ ሐኪሙ ልክ ነው የነገራችሁ። ሜይፊልድ ይባላል፤ ፍራንክ ሜይፊልድ በተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ስም። ሦስት ሹል ጫፎች አሉት፤ በአንድ ጎን አንድ፣ በሌላው ሁለት። ቆዳውን አልፈው የራስ ቅሉን የውጭ ንጣፍ ነክሰው ይይዛሉ፤ ወደ ውስጥ ዘልቀው አይበሱትም። ለአዋቂ ሰው ከ60 እስከ 80 ፓውንድ በሆነ ኃይል ይጠብቃል። በኪሎ ከ27 እስከ 36 ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ የአዋቂ የራስ ቅል ግን ይችለዋል። የሚያሰጋው ሕፃናት ላይ ነው፤ ቅላቸው ስስ ነውና። ቦታውም ይመረጣል። ሹሎቹ ከጆሮ ከፍ ብለው ነው የሚያርፉት፤ አጥንቱ ወደሚሳሳበትና የደም ሥር ወደሚያልፍበት ጆሮ ግንድ አይጠጉም። ሰውየው ደንዝዞም ቢሆን ብረቱ ሲጠብቅ ሰውነቱ ሕመሙን ያውቀዋል፤ የደም ግፊቱ ዘሎ ይወጣል። ስለዚህ ከዚያች ቅጽበት በፊት ጠንከር ያለ ማስታገሻ እሰጣለሁ፤ ሹሎቹ በሚያርፉበት ቆዳ ላይም ማደንዘዣ ይወጋል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጭንቅላቱን ትራስ ላይ ብናስተኛው አይበቃም? አጭር ሥራ ላይ አንዳንዴ ይበቃል። ግን ጭንቅላቱ በብረቱ ሲያዝ ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭና ዓይን ምንም አይነካቸውም። ፊቱ ሰው ቁልቁል ሲመለከት እንደሚሆነው ያለ ድጋፍ ይቀራል። እንግዲህ እየፈራሽው ያለው ብረት የአባትሽን ዓይን ከጫና የሚጠብቅ ነው።

እሱም ቢሆን ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጋር ተቆልፎ ገላው ነፃ ነው። በዚህ መሀል ሰውየው ቢያስል ወይም ቢንቀሳቀስ ጫናው በሙሉ አንገቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ ነው ማደንዘዣው እንዳይሳሳ ዓይናችንን ከማሽኑ የማንነቅለው።

ስለ ዓይን ዘመዳችሁ የነገራችሁ ነገር እውነትነት አለው። ግን ሙሉውን ስሚው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን የሚጠፋባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀጥተኛ ጫና ነው። ፊት ትራስ ወይም ማስደገፊያ ላይ ሲያርፍ ሸርተት ይልና የዓይን ኳስ ይጫናል፤ ወደ ዓይን የሚሄደው ደም ይቆማል። ይሄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚጎዳው። ጭንቅላቱ በሜይፊልድ ሲያዝ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል፤ እንዲያም ሆኖ እኛ በየ15 ደቂቃው ጎንበስ ብለን ፊቱን እናያለን። ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ማንም ምንም ሳይነካው የዓይን ነርቭ ራሱ በቂ ደም ያጣል። ረጅም ሰዓት በሆድ መተኛት፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ የፊት ማበጥ ተደራርበው ያመጡታል።

የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይናቸው የተጎዳ 93 ሰዎችን መዝገብ ሰብስቦ ነበር። ውጤቱ የታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው። ከእነዚህ 83ቱ የተጎዱት በሁለተኛው መንገድ ነበር። ከ83ቱ ደግሞ በ96 በመቶዎቹ ላይ ወይ 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ፈስሷል፣ ወይ ማደንዘዣው 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቷል። በኋላ የተደረገ ጥናት ወንድ መሆንንና ከመጠን በላይ ውፍረትን ጨመረበት። እንግዲህ አባትሽን በዚህ ሚዛን አስቀምጪያቸው። ወንድ ናቸው፣ እሱን መለወጥ አንችልም። የሁለት ሦስት ሰዓት የአንገት ሥራ ከሆነና ብዙ ደም የማይጠበቅ ከሆነ ግን እዚያ መዝገብ ውስጥ ካሉት ሰዎች በጣም ይለያሉ። በጠቅላላው ሲታይም ችግሩ በትልልቅ ቆጠራዎች ከ10 ሺህ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነው የሚያጋጥመው። «ስንት ሰዓት ይፈጃል? ምን ያህል ደም ይጠበቃል?» ብላችሁ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቁት። መልሱ ከዘመዳችሁ ወሬ የተሻለ ይነግራችኋል።

ጭንቅላቱ ከተያዘ በኋላ የቀረው ገላ አለ። ደረትና ዳሌ ትራስ ላይ ያርፋሉ፤ ሆድ ግን ነፃ መሆን አለበት። ሆድ ሲጫን ውስጡ ያለው ትልቁ የደም መልስ ይጠብባል። ደሙ ሌላ መንገድ ይፈልግና በአከርካሪው ዙሪያ ያሉትን ሥሮች ይሞላቸዋል። ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ደሙ ያስቸግረዋል። ሳንባም እንደልቡ አይነፋም። በአገጭና በደረት መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት ማስገቢያ ቦታ ይተዋል። አንገት ከልክ በላይ ከታጠፈ ደም ከፊት መመለስ ያቅተዋል፤ ምላስ ያብጣል፣ ቱቦው ይታጠፋል፣ ህብለ ሰረሰሩም ይወጠራል። ጉልበት፣ የእግር ጣት፣ የወንድ ብልት ሁሉም ለየብቻው ይታያል። ይሄን ሲያነብ የሚስቅ ሰው ይኖራል እንጂ ብልት ትራስ ሥር ተጣጥፎ ለሰዓታት መቆየቱ ቀልድ አይደለም።

እጆች በጎን ተለጥፈው ይጠቀለላሉ። ክርን በስፖንጅ ይሸፈናል፤ ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው ነርቭ እዚያ ላይ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ ያልፋልና። ትከሻ ደግሞ በፕላስተር ወደ እግር ይሳባል፤ ያለዚያ በራጅ ላይ የአንገቱን የታች አጥንቶች ትከሻው ይሸፍናቸዋል። መሳቡ ግን ልክ አለው። አንድ ጊዜ እኔው ባለሁበት ክፍል ፕላስተሩ ከተሳበ በኋላ ከቀኝ እጅ የሚመጣው የነርቭ ምልክት መውረድ ጀመረ። ቢላው ገና አልተነሳም። ሁላችንም አንገቱን ተጠራጠርን። ጭንቅላቱን ትንሽ አስተካከልን፣ የደም ግፊቱን ከፍ አደረግን፣ ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ አንዲት ነርስ «ፕላስተሩስ?» አለች። ላላ አደረግነው። በጥቂት ደቂቃ ምልክቱ ተመለሰ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ሲሳብ አይቼ ዝም ብያለሁ። ያ ሰው ነቅቶ እጁ ቢዝል ኖሮ ቀዶ ሕክምናው ነው የሚወቀሰው።

ይህ የነርቭ ምልክት የምለው ምን መሰለሽ? በእጅና በእግር ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ምት እየተሰጠ አንጎል ድረስ መድረሱ ይታያል፤ በተቃራኒውም ከራስ ተነስቶ ጡንቻ ጋ መድረሱ። የምልክቱ ከፍታ በግማሽ ከወረደ ሥራ ቆሞ ምክንያቱ ይፈለጋል። ጥሩ የሚሆነው ከመገልበጣቸው በፊት አንድ ጊዜ ተለክቶ፣ ከተገለበጡ በኋላ ወዲያው ሲደገም ነው። ያን ጊዜ ማገላበጡ ጎድቷል አልጎዳም የሚለው በግምት አይቀርም። ጡንቻው ሲመታ መንጋጋ ስለሚነክስ ጥርስ መሀል ለስላሳ ጥቅል ይገባል፤ ምላስ እንዳይቆረጥ። መሣሪያው ሁሉም ቦታ አይገኝም። ለሁሉም ዓይነት የአንገት ሥራም ግዴታ አይደለም። አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር የለውም።

ቅድም ስለ ደም ግፊት ልኬት ያልኩሽ ይኸውልሽ። የተጨነቀ ህብለ ሰረሰር ደም በግድ ነው የሚደርሰው። ግፊት ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠማው እሱ ነው። ጠረጴዛው ደግሞ ራስጌው ትንሽ ከፍ ይደረጋል፤ ፊት እንዳያብጥና ደም እንዲቀንስ። ግፊቱን የምለካው ክንድ ላይ ነው። ጭንቅላት ከልብ በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ እዚያ ላይ ያለው ግፊት መለኪያዬ ከሚያሳየኝ በ15 ገደማ ያንሳል። ይህን የረሳ ሰው ስክሪኑ ላይ ጥሩ ቁጥር እያየ ሊሳሳት ይችላል። የአባትሽ የዘወትር ግፊት 150 ከሆነ ለሌላ ሰው የሚበቃው 100 ለእሳቸው ትንሽ ነው። የወረቀቷ ጥቅም ይሄ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ አጥንቶቹን በብሎን የሚያያይዝ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ብሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት አንገቱ ያለበት አቋም በራጅ ይታያል። አጎንብሶ ሳለ ከተቆለፈ ሰውየው ዕድሜ ልኩን መሬት መሬት ሲያይ ይኖራል፤ ቀና ብሎ ከተቆለፈ ደግሞ ደረጃ ሲወርድ እግሩን አያይም።

ምናልባት ሐኪሙ ሐሳቡን ቀይሮ ከፊት በኩል እሠራለሁ ካላችሁ አተኛኘቱ ይቀላል። በጀርባ ነው፤ ከትከሻ ሥር ቀጭን ጥቅል ይገባል፣ አንገት በመጠኑ ቀና ይላል። በዓይንና በሆድ ላይ ያለው ስጋት በአብዛኛው አይኖርም። በምትኩ የድምፅ መጎርነንና ለመዋጥ መቸገር ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይሻላሉ። ከኋላ ይሁን ከፊት የሚለውን የሚወስነው ግን ጫናው ያለበት ቦታ ነው፤ ለአተኛኘት ተብሎ አይቀየርም።

ሲያልቅ በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ፤ ያው ግንድ፣ ያው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት»። ከነቁ በኋላ ከሁሉ ነገር በፊት «እጅዎን ይጨብጡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ» ይባላሉ። ፊታቸው አብጦ ብታያቸው አትጩኺ፤ በሆድ የተኛ ሰው ፊት ያብጣል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጎድላል። እብጠቱ ጉሮሮ ውስጥም አለ ብለን ከጠረጠርን ቱቦው እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ይህም ችግር ተፈጠረ ማለት አይደለም። የጭናቸው ውጫዊ ጎን ቢደነዝዝ ዳሌያቸው ላይ ያረፈው ትራስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜው ይለቃል። ግን ማየት ከተቸገሩ፣ አንድ እጅ ወይም እግር አዲስ ከዛለ፣ አንገታቸው እያበጠ ትንፋሽ ካጠራቸው እስከ ጠዋት አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ነርሷን ቀስቅሺ።

ጠባሳውን ረስቼው ነበር። ሹሎቹ የነበሩበት ቦታ ሦስት ትንንሽ ነጥብ ይሆናል። አንዳንዴ ብረቱ ሲወጣ ደም ይላል፤ ጫን አድርገን እንይዘዋለን፣ ካልቆመ አንድ ስፌት ይበቃዋል። ለሹሎቹ ተብሎ ፀጉር መላጨት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የሚላጨው ማጅራታቸው ላይ ያለው ነው። ቅርፊቱ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይረግፋል፤ ፀጉራቸውን መቼ እንደሚታጠቡ ግን ስፌቱን የሚያየው ሐኪም ይንገራችሁ።